«ጥያቄዎ ደርሷል»

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ፖስተኛዋ» ይላታል እንጂ አንድ ደብዳቤ ተሸክማ አታውቅም። ሥራዋ ሰዎች በድረ ገጽ የሚያዙትን የኦክስጅን ሲሊንደር ወደ መጋዘኑ ሰርቨር የሚያደርሰውን የመልእክት ወረፋ መጠበቅ ነው። «የኔ ወረፋ የመጋዘኑ ሰርቨር ቢተኛ እንኳ እስኪነቃ ይጠብቃል፣ አንድም አይጥልም» እያለች ስትኩራራ ባልደረቦቿን ታሰለቻለች።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ወረፋው ቀጥ አለ። ድረ ገጹ ላዘዘው ሁሉ «ጥያቄዎ ደርሷል» ይላል፤ መጋዘን ግን ምንም አልደረሰም። ሾፌሮቹ መኪናቸውን ተደግፈው ወሬያቸውን ይጠርቃሉ።

«ሁሉንም አጥፊውና እንደ አዲስ ይጀምር!» አለ አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ።

«ጋሼ፣ እያንዳንዱ እኮ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነው! ደርሷል ስላልናቸው መልሰው አይደውሉም።»

ስልኳ ጮኸ፤ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«እትዬ፣ የአባባ ሲሊንደር ሊያልቅ ነው። ካዘዝኩ ቆየሁ እኮ፣ ደርሷል ይላል!»

የወረፋውን ራስ ከፈተች። አንድ ትእዛዝ መንገዱን ዘግቶ ተቀምጧል፤ የመጋዘኑ ሰርቨር ያነሳዋል፣ አይገባውም፣ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያነሳዋል። «ብዛት» በሚለው ቦታ በቁጥር ፋንታ «እንደ ባለፈው» ተብሎ ተጽፏል። አድራሻው የአባቷ ቤት ነው። ቦታውን ለቃል ክፍት የተወችው ራሷ ናት፣ ሽማግሌዎች እንዳይቸገሩ ብላ። የዋህነቷ ጉድ ሠራት።

ወረፋ ውስጥ የገባ መልእክት አይታረምም፤ ወይ ያልፋል ወይ ይወጣል። የአባቷን ትእዛዝ በገዛ እጇ አወጣችው። ያን ጊዜ የተጠራቀመው ሁሉ ጎረፈ፣ ሾፌሮቹም ተሯሯጡ።

«ተመስገን!» አለ አለቃዋ።

እሷ የአባቷን ትእዛዝ በቁጥር ጽፋ እንደገና ላከችው። ከሁሉም ኋላ ተሰለፈ። «ጥያቄዎ ደርሷል» አላት ማያ ገጹ። ቃሉን የጻፈችው እሷው ብትሆንም አላመነችውም። ወንበሯን ገፍታ ወደ መጋዘን ሮጠች።

«ወረፋዬ አንድም አይጥልም ትይ የለ? ተራሽን ጠብቂ እንጂ» አለ መጋዘን ጠባቂው እየሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

«መኪናም ሾፌርም አልሻማም ወንድሜ። ትርፍ ካለህ አንድ ትንሹን ስጠኝ፣ እኔው አደርሰዋለሁ።»

ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን ታቅፋ ታክሲ ውስጥ ገባች። ወንድሟ በሩን ሲከፍትላት የአባቷ ሳል ከውስጥ ተሰማ። በዕድሜዋ ሙሉ ሳል እንዲህ አስደስቷት አያውቅም።