ለቅሶ የደረሱን ሙዚቀኞች

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ጥቅምት ጎባ ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ካረፈ አርባው ገና አልወጣም ነበር። 

ጌታሁን ከሮቤ ዲንሾ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ብሉዝ ይወዳል። መኪናው ውስጥ የአንድ አንጋፋ ባንድ ዘፈኖችን ይከፍታል። ተሳፋሪው፣ «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው? ሌላ ክፈትልን!» ይለዋል። እሱ ይስቃል እንጂ አይቀይርም። ባንዱ ጎባ ሊመጣ መሆኑን ስንሰማ አብረን ልንገባ ተነጋገርን። ከዚያ ታመመ። አልተነሳም።

የዝግጅቱ ዕለት ማምሻውን ብቻዬን ሄድኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሐዘንተኛ ዘፈን ወዳለበት አይገባም። ጥቁር እንደለበስኩ ከአዳራሹ ጀርባ፣ የመድረኩ በር አጠገብ ቆምኩ። ከውጭ ትንሽ ብሰማ ይበቃኛል ብዬ ነው።

ከመጀመራቸው በፊት የባንዱ ጊታር ተጫዋች፣ አንድ ሽማግሌ፣ ነፋስ ሊቀበሉ ወጡ።

«ምነው ግድግዳ ደገፍክ? ትኬት ጠፋብህ ወይስ ፍቅረኛህ?» አሉኝ እየሳቁ።

«ወንድሜ ሞቶብኝ ነው፣ ጋሼ። እናንተን ሊሰማ ይጠብቅ ነበር።»

ሳቃቸው ጠፋ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ውስጥ ዞረው፣ «ወንበር ይዛችሁ ኑ! ለቅሶ አለብን» ብለው ተጣሩ።

ጓደኞቻቸው የሚያብረቀርቅ ኮታቸውን እንደለበሱ ወጡ። እኔን መሃል አስቀምጠው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ቆይተው፣ «ምን አመመው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ውስጥ ሕዝቡ ያፏጫል። አዘጋጁ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ኧረ ሰው ተቆጣ!»

«ለቅሶ ላይ ነን» አሉት።

አየኝ። «ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» ብሎ በኦሮምኛ አጽናናኝና እሱም ተቀመጠ።

ሲነሱ ሽማግሌው፣ «ግባ አልልህም፤ ሐዘንህ ነው። በሩን ግን አንዘጋውም» አሉኝ።

አልተዘጋም። የጎባ ብርድ ይታወቃል። ከውስጥ «በሩን ዝጉት፣ ሞትን እኮ!» ሲባል ሰማሁ። የሚዘጋው አልተገኘም። ወንበሩ ላይ ሆኜ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ወንድሜ ሲቀበር እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ።

ቤት ስገባ እናቴ ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ። ሁሉንም ነገርኳት። «ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ?» አለች። አዘነች።

ስማቸውን አታውቅም። አሁን ጠዋት ስትጸልይ፣ «እነዚያን ጊታረኞች ጠብቅልኝ» ትላለች። እኔም ከአልጋዬ ሳልነሳ አሜን እላለሁ።