የእናቴ ሚስኮል በግሸን በር

ሐሙስ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ደሴ

ሰይድ "ቢስሚላህ" ብሎ ማርሽ ሲያስገባ ደሴ ገና ጉም ውስጥ ነበረች። ሾፌራችን ወሬ ይወዳል፤ እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሰው ባያናግረኝ ደስ ይለኛል። ከኋላ ወንበሩ ላይ ላፕቶፕ፣ የኔትወርክ ጥንካሬ የምለካባቸው ስልኮች፣ ሦስት የመገናኛ ሬዲዮዎችና የጭቃ ቦት ጫማዬ ተከምረዋል።

"እስቲ ዛሬ እንኳ አስረጂኝ እታለም" አለ። "ኮምፒውተር ውስጥ ግሸን አለ የምትሉት ነገር ምንድን ነው?"

ምን ይደረግ፣ አስረዳሁት። መስከረም ሃያ አንድ፣ የግሸን ማርያም ዕለት፣ ተራራው በሰው ይሞላል፤ ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ሲደውል ኔትወርኩ ይወድቃል። ስለዚህ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ግሸን ሠራን። መንገዱ አለ፣ የኔትወርክ ማማው አለ፣ የሚወጣው ምእመን አለ። ከዚያ የጨመርንበት ሰው ሠራሽ አስተውሎት "ይህ ቢሆንስ?" እያለ ይፈትነናል። ዶፍ ቢወርድስ? የማማው መብራት ቢጠፋስ? አንዲት ሴት ዳገቱ ላይ ተዝለፍልፋ ብትወድቅስ? መልእክቱ ታች ቆሞ ለሚጠብቀው አምቡላንስ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?

"እና ይደርሳል?"

"በሬዲዮ ይደርሳል። ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ሬዲዮ የያዘ ሰው እናቆማለን። ቦታዎቹን መርጠናል፤ አሁን የምንሄደው ለማረጋገጥ ነው። ቅዳሜ ዕቅዱን ለበዓሉ አስተባባሪዎች እናስረክባለን።"

አንድ ነገር አልነገርኩትም። ያቺ ዳገት ላይ የምትወድቀው ሴት ሁልጊዜ የእናቴን ነጠላ ለብሳ ነው የምትታየኝ። እናቴ ደም ግፊት አለባት። አምና በበዓሉ ቀን ወጥታ እስኪመሽ ድረስ ድምፅዋ ጠፍቶብኝ፣ ደሴ ሆኜ ግድግዳ ስቧጥጥ ነው የዋልኩት። ዘንድሮም "ስለት አለብኝ፤ ሞቼ ካልተገኘሁ አልቀርም" ብላለች።

ሐሙስ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሐይቅ

እናቴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ጠበቀችን። መኪና እንዳለ ስትሰማ "እኔም እሳለማለሁ" ብላ ነበር። እኔም እሺ ያልኩት እንዲሁ አይደለም፤ ዛሬ ከተሳለመች በዓሉን ትተወው ይሆናል ብዬ ነው።

"ይግቡ እማማ፣ ከፊት ይቀመጡ" አለ ሰይድ ወርዶ በሩን እየከፈተላት።

"ተባረክ ልጄ። ዓሣ ጠብሼላችኋለሁ፤ ትናንት የወጣ ነው። ዋጋውንስ አትጠይቁኝ፣ የሐይቅ ሰው ዓሣ በዓይኑ ብቻ የሚበላበት ጊዜ መጥቷል!"

መንገዱ ከሐይቁ በላይ ሲጠመዘዝ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ዞራ ተሳለመች። ሰይድ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ዓሣ ይዞ "ማሻአላህ!" ይላል። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ግን ወሬውም ጥብሱም ቆመ። ጭቃ ነው። ማሽላ፣ ጤፍ፣ ገደል፣ እንደገና ማሽላ። የአምባሰል ሰው ለመኪና የሚያዝንበትን ዓይን እዚህ አየሁ፤ አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ እስክናልፍ በሐዘኔታ ተመለከተን።

ሐሙስ፣ አምስት ሰዓት፣ ግሸን ዳገት

መኪናው ከእግረኛው መንገድ ሥር ቆመ። እኔ በየመታጠፊያው እየቆምኩ መለካት አለብኝ፤ እናቴ ደግሞ መቆም አትወድም። "ከቆምኩ ጉልበቴ ይቀዘቅዛል" አለችና ከሁለት የአካባቢው ሴቶች ጋር ቀድማኝ ወጣች።

"እማ፣ በሩ ላይ ስትደርሺ ደውዪልኝ።"

"አብሽሪ፣ እደውላለሁ።"

ግሸን አናት ላይ መግቢያ በር አለ፤ ዳገቱ የሚያልቀው እዚያ ነው። በልኬታችን ኔትወርክ ከሁሉም ቦታ የሚበረታው እዚያው በሩ ላይ ስለሆነ ሬዲዮ አልመደብንለትም። አንዱን ከዳገቱ ሥር፣ አንዱን መሀል መታጠፊያው ላይ፣ አንዱን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው ያደረግነው።

መሀል መታጠፊያው ላይ ለክቼ ስጨርስ እናቴ መድረስ ነበረባት። አልደወለችም። ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ቆይቼ ደወልኩ፤ ተይዟል። የስልክ ሂሳብ የምትቆጥበው እናቴ ከማን ጋር ነው ይህን ያህል የምታወራው? አሁንም ደወልኩ፤ ያው ነው። ስልኳ ከእጇ ወድቆ ሰው አንስቶት ቢሆንስ? እሷን ለማንሳት እርዳታ እየጠሩ ቢሆንስ? የገዛ ማሽኔ "ቢሆንስ" ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ላፕቶፑን ደረቴ ላይ አቅፌ ዳገቱን ሮጥኩት።

በሩ ጋ ስደርስ እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ስልኳን ጆሮዋ ላይ ታደርግና ትዘጋለች። ታደርጋለች፣ ትዘጋለች። አብረዋት የወጡት ሴቶችም እንደዚያው። ኋላ የደረሱ አንድ ሽማግሌ በሩን ተሳለሙና መጀመሪያ ያደረጉት ከኪሳቸው ስልክ ማውጣት ነው።

"ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?" አለች ሳለከልክ አይታ።

"ደውዪ ብዬሽ አልነበር! ለምንድን ነው የማትደውዪው?"

"ልደውልልሽ እኮ ነው! መጀመሪያ ለወንድምሽ፣ አርዲቦ ላለችው አክስትሽ፣ ለማኅበሬ ሴቶች ሚስኮል አደረግኩ። እነሱም ደርሶናል ብለው ይመልሳሉ። አንቺ ታነሺዋለሻ! ሂሳቤን ስለምትበይው ነው መጨረሻ ያደረግኩሽ።"

ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት በሚስኮል ነው። አንዴ ጮኾ ከተዘጋ "ደርሻለሁ" ማለት ነው፤ ማንም አያነሳውም። ለእኛ ሚስኮል ጥሪ አይደለም፤ ለዚህ ነው እኔም ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ግሸን ማስገባት ያላሰብኩት። በእኛ ግሸን ውስጥ ሰው ስልኩን የሚያወጣው ማውራት ሲፈልግ ወይም ሲቸግረው ብቻ ነው። ለማማው ግን የተነሳውም ያልተነሳውም ያው ነው፤ ሁለቱም ያጨናንቁታል።

ዓርብ፣ ጠዋት፣ የመልስ መንገድ

አምባው ላይ ከእንግዶች ማረፊያ አድረን ወረድን። ሰይድ መኪናውን ሲያሞቅ ላፕቶፑን ከፍቼ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ በሩን ያለፈ ሁሉ ለሚወዳቸው ሰዎች ሚስኮል ያደርጋል፤ እነሱም ይመልሳሉ። ከዚያ አስኬድኩት። ኔትወርኩ ቅዳሴ ሳያልቅ ወደቀ። የወደቀውም እዚያው በሩ ላይ ነው፤ ዳገቱ ልብን ጨርሶ አድክሞ በሚለቅበት፣ እኛ ሬዲዮ በነፈግነው ቦታ። ያቺ ነጠላ የለበሰች ሴት በሩ ሥር ተቀመጠች፤ መልእክቷ ታች አልደረሰም።

የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሬዲዮ ወደ በሩ አዛውሬ እንደገና አስኬድኩት። አሁን መልእክቷ ደረሰ።

"እማ፣ ለበዓሉ ትቀሪያለሽ?"

"አልቀርም። ስለት አለብኝ አላልኩሽም?"

"እንግዲያው በሩ ላይ ለሁሉም ሚስኮል አታድርጊ።"

"እና ሰዎቼ መድረሴን በምን ይወቁ? እንዳንቺ እየሮጡ ይምጡ?"

ሰይድ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን ትንሽ አሰበች። "ለአንድ ሰው ልደውልና እሱ ለሌሎቹ ይንገር። ላንቺ አንዴ አስጮኻለሁ፤ ለወንድምሽና ለአክስትሽ አንቺ ታሳውቂያለሽ። የማኅበሬን ሴቶችም እንደዚያ አድርጉ እላቸዋለሁ። ብቻ አታንሺው!"

"አላነሳም።"

"ማዪልኝ።"

"አላነሳም አልኩ እኮ!"

ሌሎች ምእመናንም እንዲህ እንዲያደርጉ በድምፅ ማጉያ ይነገር የሚል መስመር ዕቅዱ ላይ ጨመርኩ። ስንቱ እንደሚሰማ አላውቅም። ሬዲዮው ግን በሩ ላይ ይኖራል።

ዓርብ፣ አመሻሽ፣ ደሴ

እናቴን ሐይቅ አወረድናት። ሰይድ ቤቴ ድረስ አደረሰኝ፤ "ለእማማ መድረስሽን ንገሪያቸው" ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ፣ ዕቅዱን ለነገ ለማስተካከል ተቀምጬ ረሳሁት።

ስልኬ አንዴ ጮኸ። እናቴ ናት።

ሁለተኛው ሳይጮህ አነሳሁት።

"ኧረ ይቺ ልጅ! አታንሺ አላልኩሽም? ትናንት ምን ብለሽ ነው ቃል የገባሽልኝ?"

"ዛሬ ነው ቃል የገባሁት።"

"ይባስ! ደርሰሻል?"

"ደርሻለሁ።"

"በይ እንግዲያው ዝጊው፤ ሂሳቤን ጨረስሽው" አለች።

አልዘጋሁም። እሷም አልዘጋችም።