ነጥብ ያላረፈበት ቤት

ይህ የሆነው አምና፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ሰው ልጠብቅ ብዬ ያደረግኩት ነገር ሰው ስለጎዳ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ለባለቤቴ እንኳን ጨርሼ ያልነገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

የምኖረው ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሴንቴኒያል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ግን አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ዳውንታውን ያለ አንድ ትንሽ የጥናት ቢሮ የቅዳሜ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሄጄ ተመዘገብኩ።

ሥራው ቀላል ነው። ከአውሮራ በስተምሥራቅ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ርቆ እንደ እኛ አገር ወረዳ ያለ አንድ የገጠር ካውንቲ አለ። ስንዴ፣ ከብትና ንፋስ ብቻ ነው። በዚያ ካውንቲ ከስኮትላንድ የመጡ ሰዎች ዘሮች የት የት እንደሚኖሩ የሚያሳይ ካርታ ተሠርቶ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ "የዘር ሐረግዎ ከየት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ከስኮትላንድ ነው ካሉኝ በያዝኩት ታብሌት ላይ ቤታቸውን እነካለሁ፤ ሰማያዊ ነጥብ ያርፍበታል። አልናገርም ላለ ሰው ደግሞ "መልስ አልሰጡም" የሚል ቦታ አለ።

የመጀመሪያውን በር ሳንኳኳ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ወጣ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ "ስኮትላንድ! በአባቴም በእናቴም!" አለኝ ደረቱን ነፍቶ። ጣቴን ወደ ታብሌቱ ሰደድኩ። ትንሿ የቤት ምስል፣ ከፊቷ መንገዱ፣ ከጎኗ የጎረቤቱ ቤት ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ጣቴ ቆመ። ሰውየውን አመስግኜ ወደ መኪናዬ ተመለስኩና "መልስ አልሰጡም" የሚለውን ነካሁ።

ምክንያቱን ልናገር። ልጅ ሳለሁ በምንኖርበት ከተማ አንድ የቀበሌ መዝጋቢ ቤታችን መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ውሃ ለምኖ ጠጣ፣ እኔንም ስሜን ጠይቆ አጫወተኝ። አባቴን ብሔሩን ጠየቀው፤ አባቴም ምን ሰግቶ፣ ከነአያት ቅድመ አያቱ ነገረው። ከወራት በኋላ አገር ሲታመስ ወረቀት የያዙ ጎረምሶች ሰፈራችን ገቡ። የጎረቤታችንን በር አልፈው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ቀጥ ብለው እኛ በር ላይ ቆሙ። እናቴ እኛን በጓሮ አጥር አሾለከችን። አባቴ "አነጋግሬ እመልሳቸዋለሁ" ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አሁን መዝጋቢዋ እኔ ነበርኩ። ኮሎራዶና የእኛ ከተማ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ያን ቀን በካውንቲው ምዕራብ በሚያልፈው መንገድ ዳር ከዞርኳቸው አሥራ ስምንት ቤቶች አንዱም ላይ ነጥብ አላሳረፍኩም።

የመጨረሻው ቤት የሚስስ ጂን ነበር። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሳንኳኳ "ክፍት ነው፣ ግቢ!" አሉኝ ከውስጥ። ማን ነሽ እንኳን አላሉኝም። ሻይና የአጃ ብስኩት አቅርበው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አወጡ። ሽፋኑ ውስጥ ስድስት ትውልድ ተጽፏል። እኛም ሰባት ቤት እንቆጥራለንና ደስ አለኝ። ከስኮትላንድ የመጡት ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። አንደኛው ጅረቱ ዳር፣ ሁለተኛው ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ሰፈሩ፤ የአንዱ ጭስ ለሌላው እንዲታይ ተማክረው።

"ሦስተኛው ከንፋሱ ጋር ተጣልቶ ዴንቨር ገባ" ብለው ሳቁ።

በዚያ መንገድ ዳር እስከ ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ የእነዚያ የሁለቱ ዘሮች ናቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወትን። ወድጃቸው ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ ግን የእሳቸውንም "መልስ አልሰጡም" አልኩት።

ቤት ስገባ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ሃና ታብሌቱን አየችው። "ማሚ፣ ዋይ? ሁሉንም ስኪፕ አድርገሻል እኮ!"

"የቤት ሥራሽን ሥሪ" አልኳት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የጥናት ቢሮው አለቃዬ ሊንዳ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ረቂቁ ካርታ ለነዋሪዎቹ ተልኮ ኖሯል። ሚስስ ጂን ቤታቸውን ቢፈልጉ ነጥብ የለበትም። ከዚያ መንገድ ሌላ የደወለ ሰው ገና የለም። ቢሮ ደውለው "ለመጣችው ሴት ሁሉንም ነግሬያታለሁ" ብለዋል። ከዚያ ወንድ ልጃቸው ደውሎ፣ እናቱ ነገር መርሳት እንደጀመሩና ከዚያ ቤት ሊያወጣቸው እንዳሰበ ተናግሯል።

"እናቴ ነገርኳት የምትለው ተምታቶባት ነው ይላል" አለች ሊንዳ። "አንቺም የሞላሽው 'መልስ አልሰጡም' ነው። ልክ ነው አይደል?"

"ቼክ አድርጌ ልደውልልሽ" አልኳት። ቼክ የሚደረግ ምንም ነገር አልነበረም።

እኔ የምሠራበት ቦታ አዛውንቶች እንዴት እንደሚመጡ አውቃለሁ። ልጅ "አላደረግሽም" ይላል፣ እናት "አድርጌያለሁ" ትላለች፣ ወረቀት ይወጣል፣ ወረቀቱ ለልጁ ይመሰክራል። ከዚያ እናት ራሷን መጠራጠር ትጀምራለች። የዚህኛውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ልጃቸው ነው፤ እሱም ስድሳ ሳይሞላው አይቀርም። ጠረጴዛው ላይ እኔ እንደምሠራበት ያለ የአንድ መንከባከቢያ በራሪ ወረቀት ተዘርግቷል። ሚስስ ጂን ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራ አሉ።

"ከዚህ በፊት መጥተሽ ነበር?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ወይስ በሕልሜ ነው?"

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"መጥቻለሁ" አልኳቸው። "እዚችው ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት። ጅረቱን፣ ሐዲዱን፣ ከንፋሱ ጋር የተጣላውን፣ ሁሉንም ነግረውኛል። እርስዎ ምንም አልረሱም። እኔ ነኝ ያልጻፍኩት።"

ልጃቸው "ለምን?" አለ፤ መቆጣት ጀምሯል። ነገርኩት። መዝጋቢውን፣ ወረቀቱን፣ የጓሮውን አጥር። በእንግሊዝኛ ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ እየተንተባተብኩ ጨረስኩት። ሰውየው በራሪ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሚስስ ጂን እጄን ያዙኝ። "የአባትሽ ስም ማን ነበር?"

"ተስፋዬ።"

አፋቸው እስኪለምደው ሁለት ሦስቴ ደጋገሙት። ከዚያ "በይ አሁን ጻፊኝ" አሉኝ። ታብሌቱን አወጣሁና ነካሁት። ነጥቡ አረፈ።

የዚያኑ ዕለት ለሊንዳ እውነቱን ነገርኳት። የቀሩትን አሥራ ሰባት ቤቶች በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ዞሬ፣ ይቅርታ ጠይቄ ሞላሁ። ከዚያ በኋላ ሊንዳ ሌላ ሥራ አልሰጠችኝም፤ አልፈርድባትም።

ሚስስ ጂን እስከ ዛሬ እዚያው ቤታቸው ናቸው። ካርታውም ተሰቅሏል። ነጥቦቹ በምዕራቡ መንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ ሰው እየመጣ "ይቺ የእኛ ናት" እያለ በጣቱ ይነካቸዋል። እኔ ግን ጣቴን አላስጠጋም።

ሚስስ ጂንን በወር አንዴ እጠይቃቸዋለሁ። እውነቱን ከነገርኳቸው በኋላ ተመልሼ የሄድኩ ዕለት፣ ክፍት ነው ብዬ እጀታውን ብገፋው በሩ ተቆልፏል። አዲስ ቁልፍ አስገጥመዋል።

"የነገርሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ" አሉኝ፣ እንደ ማፈር ብለው።

ያን ሁሉ ዘመን ሳይቆለፍ የኖረውን በር ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ። አእምሯቸው ጤነኛ መሆኑን መሰከርኩላቸው፤ ፍርሃቴን ግን እሳቸው ዘንድ ትቼ ወጣሁ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ እንዴት አድርጌ መልሼ እንደምወስደውም አላውቅም።

አሁን ሳንኳኳ "ማን ነው?" ይላሉ ከውስጥ።

"አልማዝ" እላለሁ።

"የማን ልጅ?" ይላሉ።

"አልማዝ ተስፋዬ" እላለሁ። ያኔ ቁልፉ ሲዞር ይሰማኛል።