ወንድሜ ሊቀዳው የሄደው ውሃ

ባለፈው ሳምንት ሱዳን ውስጥ ከሾዋክ ወደ ገዳሪፍ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። መስኮቱ አልከፈት ብሎ፣ በፀሐይ የጋለው የወንበር ፕላስቲክ አፍንጫዬ ውስጥ እየሸተተኝ፣ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል አጠገቤ ያለችው ሴት ያቀፈችው ሕፃን ጣቱን ወደ አስፋልቱ ዘርግቶ «ሞያ» አለ። ውሃ ማለቱ ነው። ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም ከፊታችን፣ መንገዱ ከሰማይ ጋር ከሚገጥምበት ትንሽ ወደዚህ፣ የተኛ ውሃ ያብረቀርቃል። እናቱ ፈገግ ብላ በዓረብኛ ምንም ውሃ የለም አለችው። ልጁ እሷን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ጣቱን ሰበሰበ። ያ አስተያየቱ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ መለሰኝ።

ልንገርሽ፣ ወዳጄ። ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ አምስት ዓመት አልሞላውም። ከገዳሪፍ ወደ ደቡብ በትራክተር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አንድ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ላይ ነበርን። እናቴ ለአጫጆቹ ምግብ ታበስላለች፤ አባቴ ሌላ እርሻ ላይ ስለሚሠራ በየዐርቡ ብቻ ይመጣል። የምንኖርበትን ሰፈር ካምቦ ይሉታል፤ ጥቂት የሣር ጎጆዎችና አንድ ረጅም የጡብ መጋዘን፣ ሌላ ምንም። ዛፍ እንኳ አልነበረም። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ከቆመ በኋላ መሬቱ ጠቁሮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። ጠዋት የሰሊጡ ቅባት ሽታ ከጤዛው ጋር ይመጣል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን የሚሸተው የጋለ አፈር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ከሜዳው ዳር ውሃው ይወጣል።

ወንድሜ ያን ውሃ ከመጣንበት ቀን ጀምሮ አይቶታል። ዛሬ ሰፍቷል፣ ዛሬ ነዶዎቹ ውስጡ ገብተው ቆመዋል እያለ ይነግረኛል። እሱን መጠበቅ የኔ ሥራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰልችቶኛል። አንድ ቀን እውነት ውሃ ነው ወይ እያለ ሲነዘንዘኝ፣ አዎ ውሃ ነው፣ ስታድግ ትቀዳለህ አልኩት። ዝም እንዲልልኝ ብቻ ነው ያልኩት።

የምንጠጣው ውሃ የሚመጣልን ትራክተር በሚጎትተው ታንከር ነበር፤ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ፣ ሐፊር ከሚሉት። የትራክተሩ ነጂ ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ የአገራችን ሰው ነው። ሁሉም በዓረብኛ «ሰዋግ» ይለዋል፤ ሾፌር ማለት ነው። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፣ እኔም ሳልጠይቀው ቀረሁ። አንድ ጊዜ ትራክተሩ ተበላሽቶ ውሃ ሁለት ቀን ዘገየ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተጠግኖ ወደ ሐፊሩ ሄደ። እናቴ ግን የበርሜሉን ታች በጣሳ እየጫረች ዛሬ በምን ላበስል ነው ስትል ወንድሜ ሰምቷታል።

እኔ የጎጆው ጥላ ሥር ጋደም ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ወንድሜ የለም። ትንሿ ቢጫ ጀሪካንም የለችም።

አጫጆቹ ማጭዳቸውን እየጣሉ በየአቅጣጫው ተበተኑ። እናቴ ስሙን እየጠራች ትሮጣለች፤ ድምፅዋ ሜዳው ላይ ጠፍቶ ይቀራል። ወዴት እንደሄደ እኔ ዐውቄዋለሁ። ግን ብናገር፣ ውሃ አለ ብሎ የነገረው ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። ያን ሁሉ ጊዜ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ስምንት ሰዓት ገደማ የትራክተሩ ድምፅ ሲሰማ ሮጬ ሄድኩና፣ ነጂው ሳይወርድ፣ ወንድሜ ወደ ውሃው ሄዷል ብዬ በጣቴ አሳየሁት።

ጥያቄ አላበዛም። ታንከሩን ከትራክተሩ ፈታ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ያዘ፣ እኔን አንስቶ ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ ላይ አስቀመጠኝና ነዳ። ውሃው ከፊታችን ይታያል፤ ስንቀርበው ይርቃል። እዚያ ላይ ሆኜ ሁሉንም ነገርኩት፤ እኔ ነኝ ውሃ ነው ያልኩት አልኩት። ሞተሩ ስለሚጮህ ጥፋቴን የተናዘዝኩት እየጮህኩ ነው። ነጂው ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ ራሱን ነቀነቀ።

ወንድሜን ያገኘነው አንድ ነዶ ተደግፎ ተቀምጦ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጀሪካኗን ታቅፏታል። ነጂው ሻሹን አርሶ ፊቱ ላይ አደረገለት፤ ውሃውን በክዳን እየቀነሰ፣ እያሳረፈ አጠጣው። ወንድሜ ድምፅ ሲመለስለት መጀመሪያ የተናገረው፣

«ውሃው ሸሸኝ» የሚል ነው።

እናቴ ስታገኘው እንዴት እንደሆነች አልነግርሽም፤ እናት ነሽና ታውቂዋለሽ። ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው። ካምቦው በሙሉ ልጁን ጋኔን ነው የጠራው አለ። እናቴም ደንግጣ፣ ምንም ውሃ አላየህም፣ ውሃ የለም እያለች ደጋግማ አስጠናችው። እሱ ደግሞ አይቷል። ያየውን አላየህም ሲሉት ዓይኑ የሚዋሸው መሰለው መሰለኝ፣ ፀሐይ ከፍ ሲል ዓይኑን መጨፈን ጀመረ። ከጎጆ ሲወጣ ቀሚሴን ይዞ፣ ዓይኑን ጥርቅም አድርጎ ነው የሚከተለኝ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። እናቴ ሥራው ሲያልቅ መተማ ማዶ ጠበል ልትወስደው ወሰነች፤ ማታ ማታ ታለቅሳለች።

እኔ ለነጂው ነገርኩት። ታንከሩን ከፍቶ ለሴቶቹ ውሃ እየቀዳ ነበር። ጨርሶ ቧንቧውን ከዘጋ በኋላ ቁጢጥ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድምሽ አልዋሸም። ያየውንም አይቷል። እውነቱን ልትነግሪው የሚገባሽ አንቺ ነሽ፤ መጀመሪያ ግን አንቺም ማወቅ አለብሽ።»

በነጋታው እናቴን አስፈቅዶ ወደ ሐፊሩ ወሰደኝ። መንገድ ላይ፣ ያ ውሃ የሚመስለው ነገር ምን ይመስልሻል ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። ሰማይ ነው አለኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝ። ነገር የምናየው ብርሃን ከነገሩ ተነሥቶ ዓይናችን ድረስ ስለሚመጣ ነው፤ ዓይናችን ወጥቶ አይሄድም፤ ብርሃኑ ነው መንገደኛው አለኝ። ዓይናችን አንድ ሞኝነት አለው፤ ብርሃን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ የመጣ ይመስለዋል፤ መንገድ ላይ የታጠፈ እንደሆነ ግን አያውቅም አለ።

ብርሃን እንዴት ይታጠፋል አልኩት።

ሐፊሩ ዳር ስንደርስ መለሰልኝ። ትራክተሩን አንድ ወገን ጎማው ጭቃው ውስጥ፣ ሌላው ደረቁ ላይ እንዲሆን አድርጎ ቀስ ብሎ ነዳና መሪውን ለቀቀው። ትራክተሩ በራሱ ዞረ።

«ወዴት ዞረ?» አለኝ።

«ወደ ጭቃው።»

«ለምን?»

ብዙ አሰብኩ። የጭቃው ጎማ ስለዘገየ፣ የደረቁ ስለቀደመ አልኩት። ፊቱ ሲበራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ብርሃንም እንዲሁ ነው አለኝ። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው፣ ለብርሃን እንደ ጭቃ ነው፤ በጥቂቱ ያዘገየዋል። ትኩስ አየር ስስ ነው፣ እንደ ደረቅ መሬት ያስሮጠዋል። ቀትር ላይ ጥቁሩ አፈር ሲግል ከመሬቱ በላይ ያለው አየር ይሰሳል፤ ከፍ ያለው እንደ ወፈረ ይቆያል። እንግዲህ ብርሃን ከሰማይ ተነሥቶ፣ ጋደል ብሎ ወደ መሬቱ እየወረደ ነው እንበል። የታችኛው ጎኑ ይሮጣል፣ የላይኛው ጎኑ ይዘገያል። ወዴት ይዞራል?

«ወደ ላይ» አልኩ። ሳልጨርሰው ገባኝ። ወደ ላይ ዞሮ ወደ ወንድሜ ዓይን። ዓይኑም ቀጥ ብሎ የመጣ ስለመሰለው ሰማዩን መሬት ላይ አየው። የሚሸሸውም ለዚህ ነው አለኝ ነጂው፤ እንዲህ የሚታጠፈው ከሩቅ፣ መሬቱን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት የሚመጣው ብርሃን ብቻ ነው፤ ስትቀርቢ ያ ቦታ ቅርብ ይሆናል፣ ሩቁ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው።

ታንከሩ እስኪሞላ ጭቃው ዳር ተቀምጠን፣ ይህን ሁሉ የት ተማርከው አልኩት። ልጅ ነኝና አንተ እለው ነበር፤ አልከፋውም። በወጣትነቱ ጎንደር አስተማሪ ለመሆን ይማር እንደነበር፣ ሊመረቅ ጥቂት ወር ሲቀረው በደርግ ጊዜ ጓደኞቹ ሲታሰሩ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ እንደመጣ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ትራክተር ነው። ጠመኔ ይዤ ተማሪ ፊት አንድ ቀን እንኳ ሳልቆም ቀረሁ አለ፤ ሲናገረው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

ያን ቀን ስንመለስ ለወንድሜ ነገርኩት። መጀመሪያ የነገርኩት ግን ስለ ብርሃን አይደለም። ውሃ ነው ያልኩህ ዋሽቼህ ነው አልኩት። ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ አንቺም አይተሽዋል? አለኝ። አዎ፣ እኔም አያለሁ፣ ሁሉም ሰው ያያል አልኩት። እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም።

ለነጂው ነገርኩት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ጋ ጠራን። እናቴ ዱቄት በእጇ እንዳለ ተከትላን መጣች፤ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ልጄ የደረሰበት አይበቃውም? እርስዎ ደግሞ በወሬ አያስፈራሩብኝ» አለችው።

ነጂው አልተቀየማትም። የድስት ክዳን ካለሽ ይዘሽ ከግድግዳው ጫፍ ቁሚልኝ ብቻ አላት። ግድግዳው ረጅም ነው፤ ፀሐይ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሲመታው ውሎ እጅ አያስነካም። ነጂው ግድግዳውን፣ ሜዳውን በጎኑ እንዳቆምኩልሽ አድርገሽ አስቢው አለኝ። ሻሹን አርሶ ግድግዳው ላይ አደረገና ወንድሜን ጉንጩን ሻሹ ላይ አስደግፎ አቆመው። እናቴ በወዲያኛው ጫፍ ክዳኑን ግድግዳው አጠገብ ይዛለች። ጡቡ ይሸታል፣ የራሰው ሻሽ ይተንናል።

ወንድሜ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ነው። ማንም ግለጥ አላለውም። ነጂው፣ እናትህ ከዚያ ጋ ቆማለች፣ ስንት ክዳን እንደያዘች ንገረኝ ብቻ አለው። እናቴ ከሩቅ፣

«እዚህ ነኝ፣ ልጄ» አለች።

ገለጠ። ብዙ ጊዜ አየ።

«ሁለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንዱ ግድግዳው ውስጥ ነው።»

እናቴ አንድ ነው የያዝኩት ብላ ክዳኑን ከፍ አደረገችው። ወንድሜ ሳቀ፤ የግድግዳው ክዳንም አብሮ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ እኔ አየሁ። ከዚያ እኔ ሄጄ ክዳኑን ያዝኩና እናቴ መጥታ፣ ነጠላዋን ሰብስባ ጉንጯን ሻሹ ላይ አድርጋ አየች። ፊቷን ከግድግዳው ስታነሣ ወንድሜን አቅፋ ራሱን ሳመችው፤ የዱቄት እጇ ጀርባው ላይ ምልክት ተወ። ማታ እሳት ዳር፣ ያ ውሃ ሰማይ ነው ያላችሁት እንዴት ነው ነገሩ፣ እስቲ ንገረኝ ስትለው ሰማሁ። ወንድሜ በሁለት እጁ ትራክተር እየነዳ አስረዳት።

ጠበል አልተሄደም። ወንድሜ ቀትር ላይ ከጎጆው ደጅ ተቀምጦ ሰማዩን መሬት ላይ ያያል፤ ሲደክመው ይተወዋል። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ካሳላ ውስጥ ሞተር ይጠግናል፣ ልጆች አሉት። ያን ነገር ስናነሣ ጀሪካኗን ያስታውሳል፤ ዓይኑን መጨፈኑን ግን ረስቶታል። እኔ ነኝ ያልረሳሁት።

ነጂውን ብዙ ጠይቄያለሁ። የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ተበታትኗል። አንዱ ዶካ አካባቢ አይቼዋለሁ ይለኛል፤ ሌላው አገሩ ገብቷል ይለኛል። በሕይወት ቢኖር ሰባ ዓመት ይጠጋዋል። ስሙን ባለማወቄ ስጠይቅ እንኳ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ትራክተር የሚነዳ ከማለት ሌላ የምለው የለኝም። የሄድንበትን ቀን ግን አጥርቼ አስታውሰዋለሁ።

ሰሊጡ ተራግፎ በጆንያ ተሞልቶ አልቋል። ወደ ገዳሪፍ የሚወስደን መኪና ሞተሩን አስነሥቷል፤ እኔና ወንድሜ ጆንያው ላይ ወጥተናል። ነጂው ትራክተሩ ሥር ተንበርክኮ ግራሶ እየቀባ ነው። እናቴ ዕቃዋን ለአንዲት ሴት ሰጥታ ወደሱ ሄደች፤ ጥቂት ራቅ ብላ ቆመችና፣

«መምህር» አለችው።

ነጂው ብድግ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ማንን እንደምትጠራ ለማየት ነው። ከኋላው ሜዳው ብቻ ነበር። መልሶ እናቴን አያት።

«እርስዎን ነው፣ መምህር። እግዜር ይስጥልኝ።»

አሜን ለማለት አፉን ከፈተ መሰለኝ፤ ድምፁ ግን ጆንያው ላይ አልደረሰልኝም። እጁ ግራሶ ስለነበር ለመጨበጥ አልዘረጋውም። ሱሪው ላይ ይጠርገው ጀመር፤ መኪናችን ከካምቦው ወጥቶ እስኪርቅ ድረስ እጁን ሲጠርግ አየዋለሁ።