ከያርዱ በላይ አንድ አውራ ጣት

ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ጨርቅ መለካት የተማርኩት በስደት አገር፣ ፌርፋክስ የሚባል መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከነበራቸውና ከቀጠሩኝ አይሁዳዊት አሮጊት ነው። ያርዱን ለክተው ሲያበቁ አውራ ጣታቸውን ጨርቁ ላይ አጋድመው ከጣቱ ማዶ ይቆርጡ ነበር።

"የአባቴ ሕግ ነው" አሉኝ። "ውሃ ሲነካው ያጥራል። ከእኛ የገዛ ሰው አጥሮበት አይመለስም።"

አባትየው ፖላንድ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ከአያት የወረሱት ጨርቅ ቤት ነበራቸው። የከተማው ሙሽራ ሁሉ ከዚያ ለብሷል። ጀርመኖች ሲገቡ ቤተሰቡን የጠቆመው የግድግዳ ጎረቤት ነው፤ በማግስቱ ጣቃውን ተሸክሞ ወጣ። ሚስቱ በዚያው ጨርቅ ቀሚስ አሰፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደችበት አሉኝ አሮጊቷ። እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። የኛም ቀበሌ ውስጥ ነበር፤ ቤታችን በልቶ እጁን ሳይታጠብ ባሌን ያስወሰደ።

አንድ ቀን፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ ያገሬ ሰው አስር ያርድ የመጋረጃ ጨርቅ አዘዘ።

"እትዬ፣ ሬስቶራንት ልከፍት ነው፤ እዚችው ቤት።"

"ሰው አለባት እኮ።"

"አሮጊቷ የኋላውን በር በጣቃ ዘግታዋለች። እሳት ቢነሳ መውጫ የለም። ሶ፣ አንቺ ብትመሰክሪ ባለ ሕንጻው የኪራይ ሊዟን ካንስል አድርጎ ቤቷን ለኔ ይሰጠኛል። ወረቀትሽ ገና ነው አይደል? ለኢሚግሬሽን መደወል ቀላል ነው።"

እትዬ ይለኛል፣ አንቺ ይለኛል፤ አክብሮቱ እንኳ ግማሽ ነው። ሁለት ልጅ ይዤ የት ልገባ ነው? ግን ናቅኩት። የፖላንዱ ጎረቤት እንኳ ጀርመን እስኪመጣለት ጠብቋል፤ ይሄ ማንንም አልጠበቀም።

እሱ እንደወጣ ለአሮጊቷ ነገርኳቸው። አልጮሁም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ "በሩስ እውነቱን ነው፣ ተዘግቷል። ነይ አንሺ" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ጣቃ ስንጎትት ውለን በሩን ከፈትነው።

በሳምንቱ ጨርቁን ሊወስድ መጣ። ወለል ብሎ የተከፈተውን በር አየና "ጨርቄን አምጪ" አለኝ። አስር ያርዱን ለካሁለት። አውራ ጣቴን አጥፌ ልክ የያርዱ መስመር ላይ ቆረጥኩ። አሮጊቷ አይተውኛል፤ ጨርቁን ራሳቸው ጠቅልለው ሰጡት።

ይደውል አይደውል አላወቅሁም። ወረቀቴ እስኪወጣ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ልጆቼን መኝታ ቤት አስገባ ነበር። መጋረጃው ግን መጀመሪያ በታጠበ ቀን እንደሚያጥርበት አውቅ ነበር።