ለሙሽራ የተመረጠ ሞላ

ስለ ባለቤቴ ስለ ከፋለ ልጽፍ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና ያየሁትን ብቻ ብናገር ይሻለኛል። ሌላ ሰው ቢጽፈው ያሳምረው ነበር። ግን ሌላ ሰው መኪናዋ ውስጥ አልነበረም።

ከፋለ ሞጣ ላይ የጭነት መኪና መካኒክ ነበር። ከጭነት መኪና ሥር ተደራርቦ የሚታሰረው ብረት፣ ባሌስትራው፣ ሲሰበር የሚጠግነው እሱ ስለሆነ ሰው “የባሌስትራ ወጌሻ” ይለዋል። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም፤ ከብረት ጋር ግን ያወራል። “ምን ሆነሻል? የቱ ጋ ነው ያመመሽ?” ይላታል መኪናዋን። አዲስ ሙሽራ ሆኜ ይህን ስሰማ ሌላ ሴት የመጣች መስሎኝ ተደብቄ አይቻለሁ።

በሰባ አራት ዓመተ ምህረት፣ ጥር ሊገባ ሲል፣ መምህር ሣህለ ማርያም አንዲት ቀይ ፊያት ይዞ መጣ። ከአስመራ ሰው ነው የገዛት። የፊተኛው ባለቤት ለእሽቅድምድም ብሎ ሞላዋን፣ ጎማዋ ላይ የሚያነጥራትን ጥቅል ሽቦ፣ አሳጥሮታል፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። መምህሩ የሚያገባት ይርጋነሽ የቢቸና ልጅ ናት፤ በዚህች መኪና ሊያመጣት ቋምጧል። አባቷ አለቃ ወልደ ኪዳን ግን እምቢ አሉ። ይርጋነሽ አውቶቡስ ላይ ከወጣች እስክትወርድ ታስመልሳለች።

“ልጄ አማቶቿ ፊት ታማ አትወርድም። በቅሎ አለኝ” አሉ።

ከፋለ መምህሩ ከላካቸው ሽማግሌዎች ጋር ሄዶ ነበር። ምን እንደነካው እንጃ፣ ያ ዝምተኛ ሰው ብድግ ብሎ “አለቃ፣ ሳያማት ሞጣ አደርሳታለሁ” አለ።

“ካመማትስ?”

“ከዚያ ወዲያ ማንም መካኒክ ብሎ አይጥራኝ።”

አለቃ ትንሽ አዩትና “በቃልህ ያዝኩህ” አሉ።

ቤት መጥቶ ሲነግረኝ ተናደድኩ። “አንተ ሰውዬ፣ የትንሽ መኪና ሞላ መቼ ነክተህ ታውቃለህ?”

“አልነካሁም። አንቺ ግን አለሽልኝ።”

“እኔ ምን አውቄ?”

“መኪና ላይ ስትወጪ ያምምሽ የለ?”

መለኪያ የሆንኩት እንዲህ ነው።

መምህሩ ከአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ሞላ አስመጣ፤ አንዱ ሽቦው ቀጠን ያለ፣ ሌላው ወፍራም። መኪናዋ ላይ የነበረው አጭሩ ሲጨመር ሦስት ሆነ። ነዳጅ በኩፖን ነበርና ለአንዱ ሞላ አንድ ጊዜ ብቻ ከከተማ ወጥተን እንመለሳለን።

በአጭሩ ስንሄድ የመንገዱን ድንጋይ አንድ በአንድ በወገቤ ቆጠርኩት። ቀጭኑ ሲገባ ግን እንደ ጥጥ ሆነ፤ “ይሄ ነው! ይሄ ነው!” አልኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የዳገት ኩርባ ስንደርስ መኪናዋ እንደ ሰካራም አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዘነበለች። “ከፋለ፣ አቁም!” የቀረውን አልጽፈውም። ወፍራሙም ቢሆን አነጠረን።

ከፋለ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሞላውን ዳሰሰ። ከዚያ “እኛ እኮ ሁለት ነን። ሙሽራ ብቻዋን አትመጣም፤ ጭነቱ ሌላ ነው” አለ።

ከጎረቤት ጤፍ ተውሶ መጫን ጀመረ። አንድ ኩንታል ሲጫን መኪናዋ ስንት ጣት ዝቅ እንደምትል በጣቱ ይለካል፤ እሱ ስለማይጽፍ እኔ ግድግዳው ላይ በከሰል እጽፋለሁ። ቀጭኑ አራት ጣት፣ ወፍራሙ ሁለት ጣት። የጻፍኩት ለቁም ነገር ሲውል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ሰው ከሚበዛበት ከኋላ ወፍራሙን፣ ከፊት ቀጭኑን አገባ። ሁለት ኩንታል እንደ እንግዳ ከኋላ አስቀምጦ፣ እኔን ከፊት አድርጎ ኩርባውን ወጣ። እዚያ ላይ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ እንቅልፍ ወስዶኛል። ስነቃ ከፋለ ብቻውን ይስቃል።

የሠርጉ ቀን ቢቸና ገባን። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ሲያመኝ የከፋለን ጉልበት መታ ላደርግ ተስማምተናል፣ ከሙሽራዋ በፊት የሚያመው እኔን ነዋ። ከኋላ ሙሽሮቹና ሚዜው ታዘበው ገቡ። እናቷ ሲያቅለሸልሻት በጥፍሯ ጫር አድርጋ እንድታሸተው ሎሚ አስጨበጧት። አለቃ የመኪናዋን ጀርባ በመዳፋቸው ጫን አድርገው ለቀቁና “እንግዲህ ቃልህን” አሉ።

እስከ ደብረ ወርቅ ሰላም ነበር። ከዚያ ታዘበው ዘፈን አነሳ። ሙሽራው ተቀበለው። ትከሻ ተጀመረ። ታዘበው ግዙፍ ሰው ነው፤ ትከሻው ሲወርድ መኪናዋ ትወርዳለች፣ ሲነሳ ትነሳለች። ሕመሜ ጀመረኝ። ዞር ብዬ ሳይ ይርጋነሽ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ሎሚዋን ጨብጣለች። የከፋለን ጉልበት መታሁ። እሱ ጭራሽ መሪው ላይ እያጨበጨበ ነው! እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ የሠርግ ዘፈን ማስቆም ደግሞ ነውር ነው። ግን የከፋለ ቃል ትዝ አለኝ።

“ትከሻ ይቁም!” ብዬ ጮህኩ።

ታዘበው “እመቤቴ፣ ሙሽራ ይዤ ትከሻዬን የት ላስቀምጠው?” አለኝ።

ከፋለ መኪናዋን አቁሞ ግንባሩን መታ። “ወይኔ! ያልመዘንኩት ይሄን ነው። ጤፉ እኮ ዝም ብሎ ነበር የተቀመጠው!”

መጀመሪያ የሳቀችው ይርጋነሽ ናት፣ ከዓይነ ርግቧ ሥር። ከዚያ ሁላችን። ከፋለም ፈረደ፤ “ስንሄድ በአፍ፣ ስንቆም በትከሻ!”

ታዘበው በየመንደሩ “አቁም፣ ትከሻዬ አበጠ!” እያለ ይወርዳል። ግንደወይን ላይ ገበያተኛው ሁሉ አብሮት ጨፈረ፤ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ በትከሻ አሸነፈችው። ሞጣ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ይርጋነሽ በእግሯ ወረደች፣ አማቷን ሳመች፣ የቀረበላትን በላች። ቆይታ ሎሚዋን እጄ ላይ አኖረችና “ለአባዬ አድርሱልኝ” አለችኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ መምህሩ በመኪናዋ ላከን። አለቃ ሎሚዋን ተቀብለው አገላበጡ፣ የጥፍር ምልክት ፈለጉባት፣ አሸተቷት። ምንም አላገኙባትም። ቤት ገብተው ጋቢና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

“መካኒኩ፣ ለእኔስ ስንት ጣት ትወርድልኛለች?”

መኪናዋ ውስጥ ሲቀመጡ ከፋለ አጎንብሶ ለካ። “ግማሽ ጣትም አልወረደች፣ አለቃ።”

“የጾም ብዛት ነው ያቀለለኝ” አሉና ሳቁ። “በል መርጡለ ማርያምን አሳልመኝ።”

እኔ ከኋላ ገባሁ። የመጀመሪያው ኩርባ ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።