ሞቶ የተበቀለው ጥንዚዛ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴን የአብዲን አንገት ሳይ ደነገጥኩ። የፈላ ዘይት የተደፋበት ይመስል ቀልቶ፣ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከትናንት ወዲያ ማምሻውን ነው። በረንዳዬ ግድግዳ ላይ፣ እጆቿን ለጸሎት እንዳጠፈች የምትቆመው አረንጓዴ ፌንጣ መሳይ አንዲት ዝንብ ይዛ ከጭንቅላቷ ጀምራ ከነነፍሷ ትበላ ነበር። የዝንቧ እግሮች ገና ይራገጣሉ።

አብዲ አይቶ ሊጨፈልቃት ጫማውን አወለቀ። «ተዋት!» ስለው፣ ጉንዳን የሚያክል ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ ጅራቱን እንደ ጊንጥ አቁሞ አብዲ አንገት ላይ ሲሄድ አየሁ።

«አትንካው፣ እኔ እፍ ልበልልህ!»

«ወላሂ አንቺ ደግሞ፣ ጉንዳን ትፈሪያለሽ!» አለና በጥፊ ጨፈለቀው። (ድሬ ውስጥ የእኔን የመሰለ ሽበትም «አንቱ» አያሰጥም፤ እኔ ግን እስካሁን አልለመድኩትም።)

ቶሎ በሳሙና ታጠብ ስለው ሳቀብኝ።

ሁለቱም ነፍሳት አዳኞች ናቸው። አረንጓዴዋ በግላጭ እየቦጨቀች ትገድላለች፣ ሰውን ግን አትጎዳም። ጥንዚዛውም ሰው አይነድፍም፤ መርዙ ደሙ ውስጥ ስለሆነ የሚያቃጥለው ሲጨፈለቅ ነው።

ዛሬም አረንጓዴዋ ግድግዳው ላይ ነበረች። አብዲ ራቅ ብሎ ቆሞ «አንቺ፣ ይቺስ ምን ታደርገኛለች?» አለኝ።

«ካልነካሃት ምንም።»

የጫማውን ማሰሪያ ጎንበስ ብሎ አጠበቀ።

እናንተስ ንቃችሁ ጨፍልቃችሁት የተቃጠላችሁ የላችሁም? ጻፉልኝ፣ አብዲ ብቻውን ሞኝ የሆነ እንዳይመስለው።